ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ በርሜል አጠገብ

ውሃ መጣ። ፈረቃችን ሲደርስ የሚመጣው ሁሌም ሰው ሲተኛ ነው። ክር የምታህል ናት። በርሜሉ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጬ እጠብቃታለሁ። ውጭው የሐምሌ ጉም ነው፤ ጦሳ ተራራ ከትናንት ጀምሮ የለም። ደሴ እንዲህ ስትሆን ያለ ምክንያት ሆድ ይብሰኛል። ዛሬ ግን ምክንያት ሳይኖረው አልቀረም።

ከሰዓት እማየ ቡና አፍልታ ነበር። እኔ ስልኬን ከቴሌቪዥኑ አገናኝቼ ዩቲዩብ ላይ አንድ የድሮ ኮሜዲ ከፈትኩ። ያኔ እሁድ እሁድ ጎረቤት ቤት ጫማ አውልቀን፣ ወለል ላይ ተደርድረን የምናየው ዓይነት። እነ አለባቸውና ልመነህ፣ እነ ደረጀና ሀብቴ ያሳደጉን ልጆች ነን። ይሄኛው የእነሱ አይደለም። የማን እንደሆነ አልናገርም፣ ሰዎቹን እወዳቸዋለሁ።

ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ባላገር ዘመድ ሰርግ ብሎ አዲስ አበባ ይገባል። ቁምጣ፣ ዱላ፣ አፍ ከፍቶ ፎቅ መቁጠር። አብሮት የመጣው ደግሞ ይንተባተባል። አንድ ቃል ሲጀምር ባላገሩ ቀድሞ ይጨርስለታል፣ ሁልጊዜም በተሳሳተ ቃል። ያኔ በሳቅ ፈርሰን ነበር።

ዛሬ አነጋገሩን ልብ ብዬ ሰማሁት። የማንም አይደለም። «ሸጋ» የምትለዋ ከእኛ፣ አንዳንድ ቃል ከጎጃም፣ ዜማው ከመንዝ። አዲስ አበባ ቁጭ ብለው «ገጠር» የሚባል አንድ አገር ፈጥረው አፍ ሰፉለት። ዩኒቨርሲቲ ስገባ «ሸጋ» ባልኩ ቁጥር የዶርሙ ልጆች የሚቀልዱብኝ በዚሁ ሰውዬ ድምፅ ነበር። በሁለተኛው ወር «አሪፍ» ማለት ለመድኩ። ይኸው ወደ ደሴ ከተመለስኩ ስንት ዓመቴ፣ «ሸጋ» አሁንም አስቤ ካልሆነ አትወጣልኝም።

የሚገርመው ያኔ እዚህ ማንም አልተቀየመም። «ይሄ የኩታበር ሰው ነው» ብለን ሳቅን። ኩታበሮችም የሌላ አገር ሰው አድርገውት ይሆናል። ቤታችን ያለችው ልጅ የደላንታ ልጅ ናት። ይከፋት ይሆን ብዬ በጎን አየኋት። ከሁላችንም በላይ የምትስቀው እሷ ናት። «ወይ ቆለኛ!» አለች እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች። «በሽሎ ያሉት ቆለኞች ቁርጥ እንዲህ ናቸው።» ስድቡ ቁልቁል ወርዶ ወርዶ በሽሎ ወንዝ ገባ።

ከዚያ የሰርጉ ድግስ መጣ። ባላገሩ ይበላል። ይበላል፣ ይበላል፣ ሲጠግብ ደግሞ እንጀራውን ከነወጡ ጠቅልሎ ኪሱ ይከታል። ወጡ በቁምጣው በኩል ወደ ጉልበቱ ይወርዳል። እስከዚህ ድረስ ስትስቅ የነበረችው እማየ ብድግ አለች።

«ቡናውን ልየው» አለች።

ቡናው በረካ ላይ ነበር። የሚታይ ነገር አልነበረውም።

እማየ የ66ቱንም የ77ቱንም ረሃብ ታውቃለች። አታወራውም። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀላቅሎ በቴሌቪዥን ታየ ይባላል በየታሪኩ። ታየ፣ ለእነማን? እማየ ያኔ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር በዓይኗ አላየችም። እሷ ከሚያዩት ሳይሆን ከሚታዩት ወገን ነበረች። ዛሬም ሰርግ ስትሄድ ቦርሳዋ ውስጥ የታጠፈ ፌስታል አለ። እኛም ፌስታሏን ባየን ቁጥር እንስቅባታለን። እኔ ስለ «ሸጋ» ስብከት ሳዘጋጅ ያለፈኝ ይሄ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ይህን ቢሰማ «ዘመኑ ነው፣ ተይው» ይለኛል። በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ፣ 1185 የሚባለው፣ ብሔርን ብቻ አይደለም፣ አካል ጉዳትንም ይጠቅሳል። ግን እዚያ ኮሜዲ ውስጥ ጥላቻ የለም። ጥላቻ ቢሆን ይቀል ነበር። ሰዎቹ ሊያስቁን ነው የደከሙት፣ እኛም ከልባችን ሳቅን።

ሰኞ ጠዋት ደግሞ ትምህርት ቤት ሄድን።

ክፍላችን ውስጥ የሚንተባተብ ልጅ ነበር። እሁድ ኮሜዲው ታየ፣ ሰኞ ልጁ የተብታባውን ስም ተሸከመ። ያወጣለት ማን እንደሆነ አይታወቅም እያልኩ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ። ይታወቃል። እኔ ነኝ። ሱቅ ሲላክ ከኋላው እንሰለፋለን። «ስ... ስ...» ሲል በዚያ ባላገር ድምፅ «ስንዴ!» እላለሁ። ሌላው «ሳሙና!» ይላል። እናቱ የላከችው ስኳር ነው። በኋላ ዝም ብሎ በጣቱ መጠቆም ጀመረ። ባለሱቁ «ዲዳ ሆንክ እንዴ አንተ?» ሲለው ጣቱን እንደዘረጋ ቆሞ ትዝ ይለኛል። ሳንቲሙ በሌላኛው እጁ ነበር፣ ጨብጦት።

ስሙ ማን ነበር?

የባላገሩን ንግግር ከነትንፋሹ በቃሌ እወጣዋለሁ። የልጁ ስም ግን የለም። የአባቱን ቤት በር ቀለም ሳይቀር አስታውሳለሁ፣ ሰማያዊ ነው።

የወንድሜም ሰፈር ዛሬ ውሃ አለው፣ አልተኛም። በቴሌግራም ጠየቅኩት። ወዲያው መለሰ፤ የኮሜዲውን ስም፣ ከሦስት ሳቂ ፊቶች ጋር።

«እሱን አይደለም፣ ቤተሰቦቹ ያወጡለትን» አልኩት።

እየጻፈ ነው ይላል። ቆመ። እንደገና እየጻፈ ነው ይላል። በርሜሉ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው መሰለኝ፣ ካልሲዬ ረጥቧል።