ቀድሞ የጠለፈ

ሎስ አንጀለስ ውሃ ጠፋ ብሎ ነገር የለም። ሐረር ላደገ ሰው ይሄ ብቻውን ጉድ ነው። እኛ ሌሊት ተነስተን «መጣች እንዴ?» እያልን ቧንቧ የምንከፍት፣ ጀሪካን ስንደረድር ያደግን ልጆች ነን። የከተማችን ውሃ ይሳብበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅም ዓይናችን እያየ ደርቆ ነበር።

እዚህ የምጠጣው ውሃ ከየት እንደሚመጣ የነገሩኝ ፌርፋክስ ጎዳና ቡና ስንጠጣ የማገኛቸው ጋሼ ናቸው። አገር ቤት ዳኛ ነበሩ፤ አሁን ፓርኪንግ ይሠራሉ። ስለ ጆሴፍ ሳክስ ካነሱ ማኪያቷቸው ቀዝቅዞ ይቀራል።

ሳክስ የውሃና የአካባቢ ሕግ ፕሮፌሰር ነበር (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1936 ቺካጎ ተወልዶ ኮሎራዶ፣ ሚሺገን፣ ከ1986 ጀምሮ ደግሞ በርክሌይ አስተምሮ በ2014 አረፈ። የአሜሪካ ምዕራብ የውሃ ሕግ ወንዝ ቀድሞ ለጠለፈ ያደላል። ሳክስ በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ሌላ ክርክር ይዞ መጣ። መንግሥት ሐይቅና ወንዝ የያዘው ለሕዝብ በአደራ ነው፤ አደራውን ከበላ ዜጋ ፍርድ ቤት ያቆመዋል። ሐሳቡ ከጥንት ሮማውያን የወረደ ነው፤ እሱ አቧራውን አራገፈለት። ሚሺገንም በዚያው ዓመት ማንም ሰው ለተፈጥሮ አካባቢ ጥበቃ ብሎ መክሰስ እንዲችል እሱ ያረቀቀውን ሕግ አጸደቀች።

ክርክሩ የተፈተነው እዚሁ ካሊፎርኒያ ባለው በሞኖ ሐይቅ ነው። ሎስ አንጀለስ ከ1941 ጀምሮ የሐይቁን ገባር ጅረቶች ጠለፈች። ውሃው 14 ሜትር ገደማ ወረደ፤ ጨውነቱ እጥፍ ሆነ። ወፎች የሚፈለፍሉባት ደሴት ከየብስ ጋር ስትገናኝ ኮዮቴ የሚሉት የዱር አውሬ ተሻግሮ አባረራቸው። በ1983 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ቀድሜ ጠልፌያለሁ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ አደራውም ይታያል» ሲል ፈረደ። ከተማዋ ጠለፋውን እንድትቀንስ የታዘዘችው ግን በ1994 ነው። ፍትሕ እዚህም ቀስ ብላ ነው የምትሄደው!

ከጋሼ ጋር በ395 አውራ ጎዳና ነድተን ሐይቁን አየነው። ድሮ ውሃ ውስጥ የተሠሩ የኖራ ድንጋይ አምዶች ደረቅ መሬት ላይ ተገትረዋል። ዳር ዳሩን ጥቁር ዝንብ እንደ ቀበቶ ከቦታል፤ ስትጠጋው ይሸሻል እንጂ ፊትህ ላይ አያርፍም። ሐይቁ እስካሁን በ1994 የታዘዘለት ከፍታ ላይ አልደረሰም።

«ግብጽም የምትለን እኮ ቀድሜያለሁ ነው» አልኳቸው። ጋሼ ሳቁ። የ1959ኙ የዓባይ ስምምነት 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ለግብጽ፣ 18.5 ለሱዳን ሲያካፍል እኛን የጠራን የለም። «የሳክስ ሕግ ግን በመንግሥትና በገዛ ሕዝቡ መካከል ነው፤ ዓባይ ላይ አይሠራልህም» አሉኝ።

«እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሕግ የለም አይደል?»

«ማን አለህ? አዋጅ ቁጥር 300/1995 (ይሄኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ አንቀጽ 11። የራሴ ጥቅም ተነካ ሳትል አካባቢን በሚጎዳ ሰው ላይ አቤት ማለት ትችላለህ። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ በ30 ቀን ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካልጣመህ ፍርድ ቤት ትሄዳለህ። እኔ ችሎት ስቀመጥ ይዞት የመጣ አንድም ሰው አላየሁም።»