«ጉልበት ጨምሯል» ያልሁበት ኮሮላ

ጥምቀት ሊደርስ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ጎንደር ውስጥ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ወደምሠራበት ጋራዥ አንድ ወጣት ደንበኛ ባለ 1.6 ሊትር ኮሮላውን ይዞ መጣ። ከኋላ ወንበር ያነሳው ካርቶን ወንድሙ ከዱባይ የላከለትን ሾጣጣ ቀይ የአየር ፊልትሮና የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቱቦ ይዟል። በካርቶኑ ላይ የፈረስ ጉልበት እንደሚጨምርና ቤንዚን እንደሚቆጥብ ተጽፏል። «ወንድሜ፣ የኮሶዬ ዳገት ላይ ሚኒባስ ሁሉ ሲቀድመኝ ሰለቸኝ፤ ይህን ግጠምልኝ» አለኝ።

በሙያው አራተኛ ዓመቴን ይዤ ስለነበር፣ ላለመጠየቅ የሚበቃ ድፍረት አግኝቼ ነበር። ፋብሪካው የሠራውን ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ከነወረቀት ፊልትሮው አወጣሁና የአየር መለኪያ ሴንሰሩን ወደ አዲሱ ቱቦ አዛውሬ ገጠምሁ። ሞተሩን አስነስተን ነዳጅ ስንረግጥ ከኮፈኑ ሥር የወጣው ግሣት ሁለታችንንም ፈገግ አሰኘን። ጥቂት ነድተን እንደተመለስን «ጉልበት ጨምሯል» አልሁት።

ጋራዡን የሚመሩት አንጋፋ መካኒክ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በአጠገባችን ሲያልፉ ሰምተውኝ ኖሮ «በምን ለካኸው?» አሉኝ።

«ድምፁን አይሰሙትም እንዴ ጋሼ?»

«ድምፁማ ጨምሯል። እኔ የጠየቅሁህ ጉልበቱን ነው።»

መልስ አልነበረኝም። ደንበኛው ግን ደስ ብሎት ሄደ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ፊልትሮው አቧራ እንደያዘ ነግሮኝ በነጻ አጠብሁለት። እንዲህ ያለው ፊልትሮ ከጥጥ ጨርቅ የተሠራ ሲሆን አቧራን የሚይዘው በተቀባው ቀጭን ዘይት ነው፤ እኔም ብዙ ዘይት ብዙ አቧራ ይይዛል ብዬ በማሰብ አጠጣሁት። በማግስቱ ወደ ኮሶዬ ሲወጣ ሞተሩ መንተፋተፍ ጀመረ፤ የሞተር ማስጠንቀቂያው መብራት በራ፤ መኪናዋም ቤተሰብ እንደጫነች ዳገት ላይ ቆመች። በሌላ መኪና ተጎትታ ስትመጣ የደንበኛውን ፊት ማየት ከብዶኝ ነበር።

ኮምፒውተር ስናስርላት የወጣው ኮድ የአየርና የቤንዚን ድብልቁ ቤንዚን እንዳነሰው የሚያመለክተው 0171 ነበር። ጋሼ ሴንሰሩን ፈትተው በባትሪ መብራት አሳዩኝ። ከፀጉር የሚቀጥነው ሽቦ በዘይት ተለብጦ አቧራ ለብሷል። ይህ ሽቦ በኤሌክትሪክ ይግላል፤ የሚያልፈው አየር ሲያቀዘቅዘው ሙቀቱን ለመጠበቅ ከሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ በመነሣት የመኪናዋ ኮምፒውተር የአየሩን መጠን ያሰላል። ዘይትና አቧራ ሲሸፍኑት ግን የገባውን አየር አሳንሶ ስለሚናገር፣ የሚረጨው ቤንዚንም በዚያው ልክ ያንሳል። ጥፋቱ በእኔ ዘይት ብቻ አልቆመም። አዲሱ ቱቦ ከፋብሪካው ሰፋ ስለሚል አየሩ በሴንሰሩ ላይ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ስለዚህም ኮምፒውተሩ ገና ከመጀመሪያው ቀን አየሩን አሳንሶ እየቆጠረ፣ በጭስ ማውጫው ባለው የኦክስጅን ሴንሰር እየታገዘ ስሕተቱን ሲያርም ከርሟል። ዘይቱ ሲጨመርበት ማረም ከሚችልበት ወሰን አለፈ።

ሴንሰሩን በማጽጃ ስፕሬይ አጽድተን፣ ቀዩን ፊልትሮም በወጉ አጥበንና አድርቀን በልኩ ቀባነው። ከዚያ ጋሼ «አሁን ያን ጥያቄዬን መልስ» ብለው ሰዓት መቁጠሪያ ሰጡኝ። በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ ከአዘዞ በታች ባለ ደልዳላ አስፋልት ላይ በ3ኛ ማርሽ ከ40 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመድረስ የሚወስደውን ጊዜ ሦስት ሦስት ጊዜ ለካን። በቀዩ ፊልትሮ 9.3፣ 9.5 እና 9.4 ሰከንድ ሆነ። የቀድሞውን ሳጥን ከነአሮጌው የወረቀት ፊልትሮ መልሰን ስንሞክር 9.6፣ 9.5 እና 9.7 መጣ። እኔ ልቤ ሊሞላ ሲል፣ ጋሼ አሮጌውን ፊልትሮ አውጥተው በጎማው ላይ አራገፉት፤ የወጣው አቧራ አንድ ጭብጥ ይሞላል። አዲስ የወረቀት ፊልትሮ ከትተን ስንለካ 9.2፣ 9.1 እና 9.3 አነበብን። በእጅ የሚያዝ ሰዓት የአንድ ሰከንድ ሁለት አሥረኛ ያህል ሊስት ስለሚችል፣ አዲሱ ወረቀት ቀዩን በልጦታል ብዬ አልምልም። ከቀዩ ማነሱን የሚያሳይ ነገር ግን ከቁጥሮቹ ውስጥ አላገኘሁም። ቀዩን በገጠምንበት ዕለት የተሰማን ለውጥ ቢኖር እንኳ፣ የታፈነ ፊልትሮ ከመንገድ የመነሣቱ እንጂ የቀዩ ትሩፋት አልነበረም።

ጋሼ ምክንያቱን ያስረዱኝ ሻይ እየጠጣን ነው። በባሕር ወለል የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን፣ ከ2,100 ሜትር በላይ ባለችው ጎንደር ወደ 78 ይወርዳል፤ ተርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተርም ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ለከፍታው ያስረክባል። ንጹሕ የፋብሪካ ፊልትሮ ነዳጅ ሙሉ ሲረገጥ እንኳ የሚወስደው ግፊት ጥቂት ኪሎፓስካል ብቻ ነው። ነዳጅ በግማሽ ረግጠን ስንነዳ ደግሞ አየሩን የሚያንቀው ከፊልትሮው በኋላ ያለው፣ ነዳጅ ስንረግጥ የሚከፈተው የአየር መዝጊያ ስለሆነ፣ ከፊት የተገጠመው ምንም ይሁን ምን ለውጥ አያመጣም። ኮሶዬ ላይ ኮሮላዋን ያደከማት የአየሩ መሳሳት ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም ፊልትሮ አይመልሰውም።

ሙቀቱም አለ። የፋብሪካው ሳጥን አየር የሚስበው ከፊት፣ ከራዲያተሩ ጎን በመሆኑ ከውጭ ያለውን ይወስዳል፤ ቀዩ ግን ኮፈኑ ሥር ገላውን ሰጥቶ የሞተሩን ትኩሳት ይጠጣል። መኪናዋ ቆማ ስትሠራ በኮምፒውተሩ ያነበብነው የሚገባው አየር ሙቀት በሳጥኑ 34፣ በቀዩ 56 ዲግሪ ነበር፤ ይህም አየሩን ወደ 7 በመቶ ያሳሳዋል። በሩጫ ላይ ልዩነቱ ወደ 8 ዲግሪ መውረዱን ደግሞ ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ያ ያስደሰተን ግሣትም የፋብሪካው ሳጥን አፍኖት የኖረው የአየር መሳቢያ ድምፅ ሲፈታ የሚሰማ ነው፤ ጆሮም ቶሎ ብሎ ጉልበት ብሎ ይተረጉመዋል።

ተርቦ ያለውና ኮምፒውተሩም እንደገና የተስተካከለለት ሞተር ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ እንዲህ ያለው ከሰፋ መተንፈሻ ይጠቀማል። የቤንዚን ቁጠባው ወሬ ግን ለእኛ መኪና አይሠራም። አሜሪካ የሚገኘው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በኮምፒውተር ቤንዚን የሚመጠንላቸው መኪኖች የታፈነ ፊልትሮ ሲቀየርላቸው ፍጥነት አጨማመራቸው እንጂ የቤንዚን ፍጆታቸው እንዳልተሻሻለ አሳይቷል። እኛም በዚያ ጠዋት ባንድ ኮሮላ ያየነው የፍጥነቱን ወገን ነው።

ደንበኛው ሲመጣ ቁጥሮቹን ጽፌ ሰጠሁት። ደጋግሞ አነበበና «ድምፁስ?» አለኝ፤ ፈገግ ማለቱን ሳይ ልቤ ተመለሰ። ቀዩን ፊልትሮ በካርቶኑ አድርጌ አስረከብሁት። የማጽጃ ስፕሬዩና የመኪና መጎተቻው ሒሳብ ከደመወዜ እንዲቆረጥ ለጋሼ ስነግራቸውም፣ አንድ ቃል ሳይከራከሩኝ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉት።