የአክስቴን ላፕቶፕ ከዊንዶውስ 10 ወደ ሊኑክስ ሚንት እንዴት እንደቀየርኩት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ይጠይቃል። የአክስቴ ላፕቶፕ ይህን አያሟላም። ማሽኑ ግን ጤነኛ ነው። ስክሪኑም ኪቦርዱም ምንም አልሆኑም። እንዲህ ያለውን ዕቃ መጣል ከልቤ ያናድደኛል። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን፣ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ነፃ ሲስተም ደግሞ አለ።

የቱ ሲስተም ይሻላል ከማለቴ በፊት አክስቴ ኮምፒውተሩን ለምን እንደሚፈልጉት ጠየቅኳቸው። ኢሜይል ያነባሉ፣ ከልጆቻቸው ጋር በቪዲዮ ያወራሉ፣ ደብዳቤ ጽፈው ፕሪንት ያደርጋሉ፣ ከስልካቸው ፎቶ ያወርዳሉ። በቃ። አብዛኛው ብሮውዘር ላይ የሚያልቅ ነው፤ ፋየርፎክስ ደግሞ ዊንዶውስ ላይም ሊኑክስ ላይም ያው ነው። ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ የሂሳብ ፕሮግራም ቢኖራቸው ኖሮ ሐሳቡን እዚያው እተወው ነበር።

ከዚያ ሊኑክስ ሚንትን ፍላሽ ላይ አዘጋጀሁ። ሚንት ሳይጫን ከፍላሹ ተነስቶ ይሠራል፤ ሀርድ ዲስኩን አይነካም። ይህን ማንም እንዳይዘለው። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ካሜራውና ፕሪንተሩ መሥራታቸው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ሠሩ። ፋይሎቻቸውን ወደ ሌላ ሀርድ ዲስክ ገልብጬ ጫንኩት።

ከሚንት የስክሪን ገጽታዎች ሲናመን የተባለውን ዴስክቶፕ የመረጥኩት ሜኑው ከታች በስተግራ ስለሆነ ነው። ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ማይክሮሶፍት በ2012 ዊንዶውስ 8ን ሲያወጣ፣ ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ ሰው የለመደውን የስታርት ቁልፍ አነሳው። ተጠቃሚው አማረረ፤ በቀጣዩ ዓመት በ8.1 ቁልፉ ተመለሰ። እጅ የለመደው ነገር ቦታ ሲቀይር ባለሙያ ፈልጎ ያገኘዋል። ሌላው ሰው ኮምፒውተሩ የተበላሸ ነው የሚመስለው።

ትልቁ ሥራ የመጣው ከተጫነ በኋላ ነው። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ማውዙን ላልነካ ወሰንኩ። «እስቲ ኢሜይልዎን ይክፈቱ» ብዬ ዝም። እጄን በላኝ፤ ግን ቻልኩት። ሜኑውን ወዲያው አገኙት። የቸገራቸው ሌላ ነው። ደብዳቤ ጽፈው ሴቭ ካደረጉ በኋላ «አሁን የት ገባ?» አሉኝ። ይሄ የሊኑክስ ጣጣ አይደለም፤ ዊንዶውስ ላይም ሲያስቸግራቸው የኖረ ነው። ፋይል የት እንደሚቀመጥ ማሰብ የማይፈልግ ሰው ብዙ ነው፤ ትክክልም ነው።

ስለዚህ «ደብዳቤዎች» የሚል አንድ ፎልደር ዴስክቶፑ ላይ ፈጠርኩ። ደብዳቤ የሚጽፉበት ሊብረኦፊስ የተባለው ፕሮግራም ሁልጊዜ እዚያ እንዲያስቀምጥ ከሴቲንጉ አስተካከልኩ። ሰነዱም በወርድ ፎርማት ሴቭ እንዲሆን አደረግኩ፤ አለበለዚያ ሊብረኦፊስ በራሱ ፎርማት ስለሚያስቀምጥ የተላከለት ሰው ሊቸገር ይችላል። ደብል ክሊክም ለጣታቸው ይከብዳቸው ነበር። ዝም ብለው ተሸክመውት ኖሩ እንጂ ተናግረው አያውቁም። የሚንት ፋይል ማኔጀር በአንድ ክሊክ እንዲከፍት ማድረግ ይቻላል። ጽሑፉንም አተለቅነው። ከሁሉም በላይ ደስ ያሰኛቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ሁለቱም ዊንዶውስ ላይም አሉ! ስለዚህ ሲስተም ለመቀየር ያላሰበ ሰውም ዛሬውኑ ለወላጆቹ ሊያስተካክልላቸው ይችላል።

አፕዴቱ በራሱ እንዲሄድ አድርጌዋለሁ። ታይምሺፍትንም አብርቻለሁ፤ አንድ ነገር ቢበላሽ ሲስተሙን ወደ ቀድሞው ይመልሳል። ታይምሺፍት ግን በነባሪው የግል ፋይሎችን አይዝም። ፎቶና ደብዳቤ ለብቻ ባክአፕ ይፈልጋሉ።

ለሁሉም ሰው ሚንት አልልም። ሥራው በፎቶሾፕ ወይም ውስብስብ ማክሮ ባለው ኤክሴል የሆነ ሰው ዊንዶውስ ወይም ማክ ላይ ቢቆይ ይሻለዋል። ማሽኑ በጣም ደካማ ከሆነ ደግሞ ከሲናመን ይልቅ ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ዴስክቶፕ ያለውን የሚንት እትም ይሞክር፤ መልኩ ቀለል ያለ ነው፣ ራምም ብዙ አይበላም።