የጀማሪ አካውንታንት ቃለ መጠይቅ፦ እስካሁን የደረስኩበት

በአካውንቲንግ ተመርቃችሁ «ዜሮ ዓመት ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ከቴሌግራም ስትለቅሙ ለምትውሉ ነው የምጽፈው። እኔም እዚያው ነኝ።

በዚህኛው ዙር «እስኪ ስለ ራስሽ ንገሪን» ለሚለው የእንግሊዝኛ መልስ መሸምደዱን ተውኩት። ጠያቂዎቹ የሰለቹት ነገር ነው፣ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። ይልቅ ጓደኛዬ የደመወዝ አሃዝ ትጠራልኛለች፣ እኔ በወረቀት እየሠራሁ ጮክ ብዬ አስረዳታለሁ። ደመወዝ የማይከፍል ድርጅት ስለሌለ ፔይሮል (የደመወዝ ስሌት) መጠየቁ አይቀርም ብዬ ነው። ደግሞም በ2017 የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ ሠንጠረዡን ስለቀየረው፣ ግቢ የተማርነው ቁጥር አሁን አይሠራም።

ለምሳሌ ያልተጣራ ደመወዝ 15,000 ብር ነው እንበል። የመጀመሪያው 2,000 ግብር የለውም። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 20፣ እስከ 10,000 25፣ እስከ 14,000 30፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ይታሰባል። ሲደመር ግብሩ 3,200 ብር ይመጣል። አቋራጩ 15,000ን በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 መቀነስ ነው፤ ግን አቋራጩን ብቻ የያዘ ሰው «2,050 ከየት መጣ?» ሲባል ድርቅ ይላል። የሠራተኛው ጡረታ 7 በመቶ፣ 1,050 ብር። እጅ ላይ የሚገባው 10,750። አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ ከሠራተኛው ደመወዝ አይቆረጥም፣ ይቺን ብዙ ሰው ያምታታታል።

ሰሞኑን አንድ አስመጪ ድርጅት ጠርቶኝ ሄድኩ። ሦስት ሰው ተቀምጧል፣ ሁለቱ ስልካቸው ላይ ናቸው። ፋይናንስ ኃላፊዋ ወረቀትና ካልኩሌተር ገፋ አድርጋ «ሥሪልኝ» አለችኝ፣ እኔም ቤት እንደለመድኩት እያወራሁ ሠራሁት፣ መሃል ላይ ሁለቱም ስልካቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ስለ ሂሳብ መመዝገቢያ ሶፍትዌሩ ፒችትሪና ስለ ባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ትንሽ ጠየቁኝ፣ እሱ ቀለል ያለ ነበር።

«ስንት ትጠብቂያለሽ?» ሲመጣ «ያልተጣራ 15,000» አልኩ። «ያልተጣራ» የምትለዋን አትርሱ፣ ልዩነቱ ከ4,000 ብር በላይ ነው። እኔም በተራዬ ስለ ሙከራ ጊዜ ጠየቅኩ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ እነሱም ያንኑ አሉ።

ተያዥ ነገር ግን አሁንም ያናድደኛል። ገና ደመወዝ ሳትቀበዪ ደመወዝተኛ ዋስ ፈልጊ ትባያለሽ፣ ዘመድ የሌለው ከየት ያምጣ? ለማንኛውም አጎቴን አስቀድሜ አናግሬዋለሁ፣ እናንተም ከመጠራታችሁ በፊት ጨርሱት።

ውጤቱን እንደውላለን ብለዋል። እስከዚያ ተጨማሪ እሴት ታክስና ዊዝሆልዲንግን (ከክፍያ ላይ ቀድሞ የሚቀነሰውን ግብር) በዚሁ መንገድ ጀምሬያለሁ፤ ባንክ የተፈተናችሁ ካላችሁ የጽሑፍ ፈተናው ላይ ምን እንደሚበዛ ጻፉልኝ።