በወሎ የወጣ ስም፣ በጣሊያን መዝገብ

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ደሴ ገብቼ ነበር። አንድ ቀን ፒያሳ አካባቢ ቡና ስንጠጣ፣ ከነፍሰ ጡር ባለቤቱ ጋር ወደ ጣሊያን ለመምጣት ሂደት የጀመረ የልጅነት ጓደኛዬ፣ «ልጅህን ሚኬሌ ብለህ ለምን አልተገላገልክም? ያው ሚካኤል አይደል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ከቅንነት የመጣ እንደ ነበር አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ መልሱ በአንድ ስኒ ቡና የሚያልቅ ስላልነበረ እዚህ በጽሑፍ ላስቀምጠው ወሰንኩ።

ልጄ ገብረሚካኤል ይባላል። ስሙን ያወጡለት ደሴ ያሉት እናቴ ናቸው፤ ገና ባለቤቴ በስድስተኛ ወሯ ሳለች «ወንድ ከሆነ ሌላ ስም አልሰማም» ብለው በስልክ ነገሩን። እናቴ ለብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል የተለየ ፍቅር አላቸው። እኚህ አባት ጎጃም ውስጥ መርጡለ ማርያም አካባቢ የተወለዱ መነኩሴና ሊቅ ሲሆኑ፣ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ በሚላቸው በጣሊያናዊው ሚስዮናዊ በቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ አማካይነት ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገብተው፣ ስለ እምነታቸው በሰንሰለት እንደ ታሰሩ እ.ኤ.አ. በ1855 ዐረፉ፤ ብፅዕናቸውም (በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከቅድስና በፊት ያለው ማዕረግ) በ1926 ታውጇል። እናቴ ይህን ታሪክ ለልጅ ልጃቸው ሊያወርሱት ፈለጉ፤ እኔም ከዚያ የበለጠ ስም አላገኘሁም።

ከልጄ ስም በኋላ የእኔ፣ ከእኔ ስም በኋላ ደግሞ የአያቱ፣ ማለትም የአባቴ ስም ይከተላል፤ አባቴ ሰይድ ይባላሉ። አባቴ ኮምቦልቻ ከሙስሊም ቤተሰብ ተወልደው በወጣትነታቸው ተጠምቀው ካቶሊክ ሆኑ፤ ወላጆቻቸው የሰጧቸውን ስም ግን ከመዝገብ ላይ አልፋቁትም። ወሎ ውስጥ ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ደሴን የመናገሻ ከተማቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1878 አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከጠሩት የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ክርስትና እስኪነሡ ድረስ መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር። ያ ዘመን ብዙ ሰው ሳይወድ የተጠመቀበት ስለ ሆነ ታሪኩ ሁሉ የሚያኮራ ነው አልልም። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ አንድ ቤት ውስጥ ይማምና ገብሬ፣ ሰይድና ወልዴ አብረው ማደጋቸው ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

በጣሊያን ግን እንግዳ ሆነ። ጣሊያኖች ልጅ ሲወለድ በራቸው ላይ ሰማያዊ ወይም ሮዝ ሪባን የሚሰቅሉ፣ የስም ቀን፣ ማለትም ስሙን የያዙትን ቅዱስ በዓል፣ የሚያከብሩ ሕዝብ በመሆናቸው፣ የካቶሊክ ልጅ ስም ማስመዝገብ ከእነሱ አገር የሚቀል የትም የለም ብዬ አምን ነበር። ባለቤቴ አራስ ስለ ነበረች ጥምቀት ለማስያዝ ወደ ሰፈራችን ቁምስና (የካቶሊክ ደብር) ብቻዬን ሄድኩ። ጸሐፊው የልደት ወረቀቱን ተቀብሎ «ሰይድ» የሚለውን ጮክ ብሎ አነበበና፣ ለአዋቂዎች የሚሰጠው የክርስትና ትምህርት በጥቅምት ስለሚጀምር መጀመሪያ እኔ ራሴ መመዝገብ እንዳለብኝ ነገረኝ። በአርባ ቀኔ የተጠመቅሁ ካቶሊክ መሆኔን ስነግረው፣ «እንግዲያው አባታችን ሆይን ድገምልኝ» አለኝ። ከኋላዬ አራት ሰዎች ተራ ይጠብቁ ነበር።

ደገምኩት፤ በአማርኛ። «አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር» ብዬ እስከ መጨረሻው ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ቅዳሴ ሳገለግል ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በአባቴ ስም ምክንያት እንደ ተማሪ ቆሜ የምፈተንበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከሁሉ የባሰብኝ ደግሞ ጸሐፊው በትሕትና፣ «ለልጁ ሲል ይህን ስም በሌላ ብትለውጠው ይቀልልህ ነበር» ማለቱ ነው። የጥምቀት ምስክር ወረቀቴ ከደሴ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። በኋላ የቁምስናው ቄስ ነገሩን ሰምተው አስጠርተውኝ ይቅርታ ጠየቁኝ፤ በቫቲካን ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያውያን ኮሌጅ እንዳለ የሚያውቁ፣ እኛ የኢትዮጵያ ካቶሊኮች የምንቀድስበትን የግዕዝ ሥርዓትም የሚያከብሩ ሰው ነበሩ። ይቅርታቸውን ተቀብያለሁ፤ ያችን ቀን ግን አልረሳኋትም።

እኛም ብንሆን ጥፋት አለብን። አንድ ልጅ ሲወለድ አያት አንድ፣ አክስት አንድ፣ የክርስትና አባት ሌላ ስም እያወጣን፣ አርባው ቀን እስኪደርስ የቱ ስም እንደሚጸና ሳንወስን እንቆያለን። አገራችን ውስጥ ልደት ለማስመዝገብ 90 ቀን ስለሚሰጥ ይህ አያስቸግርም። በጣሊያን ግን በሆስፒታሉ ከሆነ በ3 ቀን፣ በማዘጋጃ ቤት ከሆነ ደግሞ በ10 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ስሙን እዚያው ደሴ ሳለህ ከእናትህ ጋር ጨርሰህ ና። ገብረሚካኤልን የመሰለ ስም ከሆነ ሳትለያይ አንድ ላይ አስጽፈው፤ የእኔን ልጅ መጀመሪያ «ገብረ»ን ስም፣ «ሚካኤል»ን ሁለተኛ ስም አድርገው ስለ ጻፉት፣ የማን አገልጋይ እንደ ሆነ የማይታወቅ ልጅ ሆኖ ነበር። እስኪስተካከል ድረስ ስንት ቢሮ እንደ ተመላለስኩ አልነግርህም። የአያቱን ስም በላቲን ፊደል ስታስጽፍም ፓስፖርትህ ላይ እንዳለው አንድም ፊደል ሳይለወጥ ይሁን፤ አለዚያ አባትና ልጅ በወረቀት ባዕድ ትሆናላችሁ። የአንተንና የባለቤትህን የጥምቀት ምስክር ወረቀት ከቁምስናችሁ ሳታወጡ አውሮፕላን እንዳትሳፈሩ። ልጁ ጣሊያኖቹ በሚጠቀሙበት በላቲን ሥርዓት እንኳ ቢጠመቅ በቤተ ክርስቲያን ሕግ የወላጆቹ የግዕዝ ሥርዓት ልጅ መሆኑ እንደማይቀር አስታውሰህ፣ ይህም በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍር ጠይቅ።

ሚኬሌ ያላልኩት ስሙን ንቄ አይደለም። ሚኬሌ ብዬው ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ ይቀል እንደ ነበር አልክድም። ነገር ግን ሚኬሌ የጎጃሙን መነኩሴ አያስታውስም፤ ከስሙ ቀጥሎ ያለው ሰይድም ቢፋቅ ኖሮ አባቴ ሳይፍቁት የኖሩት ስም በእኔ እጅ በጠፋ ነበር።

ከደሴ ልንመለስ ሁለት ቀን ሲቀረን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ፣ ሙስሊሟ የአባቴ እህት ዘንድ ሄድን። ዐይናቸው ደክሟል። ልጁን ታቅፈው ፊቱን በጣታቸው እየዳሰሱ ስሙ ማን እንደ ሆነ ጠየቁኝ፤ ሙሉውን እስከ አያቱ ነገርኳቸው። «ማሻ አላህ፣ የሰይድ ልጅ» አሉና ግንባሩን ሳሙት።