ቃሩና ጥርሴ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ቃሩ ቀሰቀሰኝ። ጎምዛዛው ውሃ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ አፌን ሞላው። በውሃ ተጉመጠመጥኩና ቁጭ ብዬ ይህን እጽፋለሁ። መፋቂያዬ መስኮቱ ላይ ነው፤ አልነካሁትም።

ድሮ ቢሆን ወዲያው እፍቅ ነበር። 12 ዓመት በውትድርና እንዲህ ነው የኖርኩት። ከዘብ ስመለስ ያገኘሁትን እበላለሁ፣ ኮቾሮ በሻይ ነክሬም ቢሆን፣ ከዚያ ሆዴን ጠፍንጎ የያዘውን ቀበቶ እንኳ ሳልፈታ ጋደም እላለሁ። ጉልበቴን ሲያመኝ ዳይክሎፌናክ እውጣለሁ፣ አንዳንዴ በባዶ ሆዴ። እሱ ደግሞ ጉልበቴን ሲያስታግስ ጨጓራዬን ያነደዋል። ቃር የሁላችንም ነበር፤ ማን በሽታ ይለዋል? አፌ ሲጎመዝዝ መፋቂያዬን አውጥቼ ድዴ እስኪደማ እፈትጋለሁ። ንጽህና መስሎኝ።

ባለፈው ሳምንት ቀዝቃዛ ውሃ ጥርሴን ሲጠዘጥዘኝ ጊዜ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ናት። ትንሿን መስታወት ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ ጀርባ አስገብታ አሳየችኝ። ከፊት ደህና የሚመስሉት ጥርሶች በምላስ በኩል ተበልተዋል። ጫፋቸው ሳስቷል፣ ከሥር ያለው ቢጫው ይታያል።

"ጋሼ፣ ቃር አለብዎት እንዴ?" አለችኝ። ስለ ሆዴ አንድም ቃል አልነገርኳትም። ደነገጥኩ።

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የጥርስ ጠንካራው ሽፋን፣ ኢናሜሉ፣ የአሲድ መለኪያው ፒኤች (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ መሟሟት ይጀምራል፤ የጨጓራ አሲድ ደግሞ 2 አካባቢ ነው። ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ አሲዱን የሚያጥብልኝ የለም። ሽፋኑ በለሰለሰበት ሰዓት ስፍቀው ይገፈፋል፣ ተመልሶም አይበቅልም። ድዴ የሸሸውም በዋናነት ከመፈተጉ ነው አለች። ቃር ከመጣብኝ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት አለብኝ፣ አንድ ሰዓት ቢሆን ይሻላል። ለቃሩ የውስጥ ደዌ ሐኪም ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም አዘዘልኝ፣ ጠዋት ከቁርስ በፊት።

የሚያንገበግበኝ ለጉልበቴ ስንት ጊዜ ተሰልፌ አንድ ሰው እንኳ ስለ ቃር አለመጠየቁ ነው። እኔም አልተናገርኩም። ወታደር ቆስሎ ይሰለፋል እንጂ ቃር ይዞኛል ብሎ አይሰለፍም።

አብሮኝ ያገለገለ ወንድሜ አሁንም ካምፕ ነው። ትናንት ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ዝም አለና "እኔም እኮ ሻይ ስጠጣ ይጠዘጥዘኛል" አለኝ። ፈቃድ ሲወጣ ወደዚያችው ልጅ እወስደዋለሁ።

ሰዓቴን አየሁ። ገና 20 ደቂቃ ነው።