መኪናዋን ካስወረድኩ በኋላ የመጣው ኳኳታ፦ ጥፋቱ የሞላው አልነበረም

የምነዳት የ2008 ሆንዳ ሲቪክ ናት፣ እዚህ ቨርጂኒያ። የፋብሪካ ሞላዎቿን አስወጥቼ አራት ሳንቲሜትር ገደማ የሚያወርዱ ሞላዎች አስገጠምኩላት። መልኳ አማረ። ጎማውና ፓራፋንጎው መሀል የነበረው ያ ሰፊ ክፍተት ጠፋ። ፎቶዋን አዲስ አበባ ላለ ጓደኛዬ ብልክለት ሳቀብኝ፤ እዚያ ሰው ሞላ ስር ማስነሻ እያስገባ ከፍ ያደርጋል፣ አንተ ከፍለህ ታወርዳለህ አለኝ።

ችግሩ ድምፁ ነው። ቆማ መሪ ሲዞር ከፊት "ጢንግ" ትላለች። ጉብታ ላይ ስትወጣ "ኳ"። ከኋላ ደግሞ እንደ አሮጌ የሽቦ አልጋ ሲጥ ሲጥ። የጠየቅሁት ሁሉ "ሞላው ርካሽ ስለሆነ ነው፣ አውጥተህ ጣለው" አለኝ። አልተዋጠልኝም። ሞላ የተጠቀለለ ብረት ነው፣ ካልተሰበረ ወይም ከሆነ ነገር ጋር ካልተጋጨ በራሱ አይጮህም። ስለዚህ እሱን ትቼ የሚነካካቸውን ነገሮች ማየት ጀመርኩ።

"ጢንግ" የሚለው ቀላሉ ነበር። ወንድሜ መሪውን ቀስ አድርጎ ከዳር እስከ ዳር ሲያዞር እኔ መዳፌን ሞላው ላይ በውጭ በኩል አሳረፍኩ (ጣት ጥቅልሎቹ መሀል አይገባም!)። መሪው ይዞራል፣ ሞላው ግን አይከተልም፤ እየተጠማዘዘ ይቆይና ድንገት ሲለቅ እጄ ላይ ይነዝረኛል። ይሄ ማለት ከላይ ያለው ኩሽኔታ ይዟል ማለት ነው። ሾኩን አውርጄ ኩሽኔታውን በእጄ ሳዞረው አሸዋ የገባበት ይመስል ይንኮሻኮሻል። አዲስ ገባ።

ሾኩ ከወረደ አይቀር ታቹንም አየሁት። ሞላው የሚቀመጥበት ሳህን ላይ የሞላው ጫፍ ተደግፎ የሚያርፍባት ትንሽ ደረጃ አለች። የኔ ግራው ከደረጃዋ የጣት ስፋት ያህል ርቆ ነው የተገጠመው። ጉብታ ላይ ያ ጫፍ ይንሸራተትና "ኳ" ይላል። የገጠመልኝ ጋራዥ እንዴት እንዳላየው አላውቅም። የእናንተንም ስታዩ ሞላው ላይ የታተመው ጽሑፍ ተገልብጦ እንደሆነ ልብ በሉ፣ ተዘቅዝቆ የሚነበብ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሞላው በግልባጭ ገብቷል።

አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቁ። ከሾኩ አናት መሀል ያለችውን ዳዶ ሞላውን በማመቂያው ሳታምቁ እንዳትፈቱ። ማመቂያውን እዚህ አገር የመለዋወጫ ሱቆች በመያዣ ያውሱታል፣ ስለዚህ በገመድና በብልሃት ለመሥራት ምክንያት የለም።

ከዚያ በኋላም ቀለል ያለ "ኳ" ቀረ። እዚህ ላይ የስታቢላይዘሩን (መኪናዋ ስትታጠፍ ወደ ጎን እንዳታዘነብል ግራና ቀኙን የሚያያይዘውን ብረት) ማገናኛ ዘንጎች ጠረጠርኩ፤ መኪና ሲወርድ የነሱ ማዘንበል ይቀየራል፣ ያረጁ ከሆኑ ልቅነታቸው ያኔ ይሰማል። መፈተኛው በነፃ ነው፦ በሁለቱም በኩል ፈትቶ ሰፈር ውስጥ ቀስ ብሎ መንዳት። ድምፁ ጠፋ። ሁለቱንም ቀየርኳቸው።

የኋላው ሲጥሲጥታ ግን አደከመኝ። ቅባት ረጨሁ፣ ዝናብ ሲመጣ ጠፋ፣ ሲደርቅ ተመለሰ። ለውጡን ያመጣው አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ የጠየቁኝ ጥያቄ ነው፦ "ልጄ፣ ብሎኖቹ የጠበቁት ጎማው መሬት ይዞ ነው ወይስ ተንጠልጥሎ?" ተንጠልጥሎ ነዋ፣ መኪናዋ ማንሻ ላይ ነበረች። ለካ ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዙት ክንዶች ጎሚኒዎች ብሎኑ በጠበቀበት ቦታ ነው የሚያዙት። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ይኖራል፣ ይጮሃል፣ ቶሎም ይቀደዳል። መኪናዋን መወጣጫ ላይ አወጣኋት፣ ክብደቷ ጎማዎቿ ላይ እንዳለ ብሎኖቹን አላልቼ ኋላዋን ደጋግሜ ጫን ጫን አደረግኩ፣ ከዚያ መመሪያው በሚለው ልክ በቶርክ ቁልፍ አጠበቅኩ። ሲጥታው ሄደ። ኋላዋም ትንሽ ዝቅ አለች፣ ለካ የተጠመዘዘው ጎሚኒ ደግፎ ይዟት ኖሯል።

ከፍታ ስትለኩ ከመሬት አትነሱ፣ የጎማ ንፋስ ያታልላችኋል። ከቸርኬው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ፣ ግራና ቀኙን አስተያዩ።

አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ማዘንበል ማስተካከል) መጨረሻ ላይ ነው፣ ሞላው ከተነዳና ከረጋ በኋላ። የሲቪኳ የኋላ ካምበር፣ ማለትም የጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበል፣ ከፋብሪካ ማስተካከያ የለውም፣ ስለዚህ ጎማው ከላይ ትንሽ ወደ ውስጥ አዘንብሎ ይቀራል። እሱ ብዙም አላስጨነቀኝም። የጎማን የውስጥ ጠርዝ ቶሎ የሚበላው በይበልጥ ቶው ነው፣ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው አለመሄዳቸው፣ እሱ ደግሞ ይስተካከላል። አሁን የቀረኝ የኋላ ሾኮች ናቸው። አንዱ ላይ ዘይት ማላብ ጀምሯል፣ ስለዚህ ሁለቱንም ለወረደ መኪና በተሠሩ አጠር ያሉ እቀይራቸዋለሁ።